ክርክር ያለበትን ነገር በመዝገበ ዕውቀት ስለ መጻፍ

ታሪክ ጸሐፊ ከዳኛ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ዳኛ ነገሩን ሰምቶ፥ ምስክሩን መርምሮ ፍርድ ከሰጠ በኋላ ፍርዱ የተጓደለ እንደ ሆነ ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ችሎት ይገኛል። በማኅተም ታትሞ የወጣ ቃል ግን ይግባኝ የለውም፤ የተጻፈበትም ሰው ያልፋል፥ የጻፈውም ያልፋል፥ ቃሉ ግን ብቻውን ቆሞ ይመሰክራል። ይልቁንም መጽሐፉ በኤውሮፓ ቋንቋ ኢንሲክሎፔዲያ፥ በአማርኛ መዝገበ ዕውቀት የሚባለው የሆነ እንደ ሆነ ጥንቃቄው እጅግ ሊበዛ ይገባል። ሌላውን መጽሐፍ አንባቢ ከደራሲው ጋራ እየተከራከረ ያነበዋል፤ መዝገበ ዕውቀትን የሚገልጠው ግን ክርክር ለማንሣት ሳይሆን ክርክር ለማቆም ነው። ስለዚህ በዚያ የገባ ስሕተት ከሌላው ስሕተት ይልቅ ሥር ይሰዳል።

ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ትልቁ መዝገበ ዕውቀት በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. በአምስት ቅጽ ታትሟል። ወደ ፊትም በአማርኛ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት የሚነሣ ሊቅ ሁሉ ከፊቱ የሚቆም አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ሕዝብን ያናወጠ፥ መንግሥትን የገለበጠ፥ ዳሩ ግን እውነትነቱ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ክስ በመዝገቡ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሊሰጠው ይገባዋልን? ወይስ ያልተረጋገጠ ነገር ነው ተብሎ ይተው? የሚሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። በሁለቱም በኩል አደጋ አለ። መጻፉ ሐሜትን ያከብራል፤ መተዉ ታሪክን ያጐድላል።

ለዚህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ታሪክ ከልጅ ኢያሱ ክስ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም።

ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ፥ አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤልም አስቀድመው መሐመድ ዓሊ የሚባሉ የወሎ ባላባት ሆነው በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ዘመን ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የተጠመቁ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በደዌ በደከሙ ጊዜ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ ብለው ዐወጁ፤ ዐዋጁም በተራ ቃል ብቻ አልቆመም፥ መኳንንቱና ሕዝቡ በግዝት ታሰሩበት። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ዐፄ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ ሳይቀቡና ዘውድ ሳይደፉ አገሪቱን ገዙ፤ አባታቸውም በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው በደሴ ነገሡ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አያከራክርም። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ከሐረርጌ ግዛት አንሥተው ከፋን ሰጧቸው፤ ራሳቸውም በሐረርጌ ተቀመጡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ቀን መኳንንቱ፥ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስና እጨጌ ወልደ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ልጅ ኢያሱ የክርስቲያንን ሃይማኖት ትተው ሰልመዋል የሚል ክስ በጉባኤው ተነበበ። አቡነ ማቴዎስ በመጀመሪያ አመንትተው እንደ ነበር ይነገራል፤ በመጨረሻው ግን የግዝቱ ማሰሪያ ተፈታ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፥ ደጃዝማች ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልክ በወሩ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የወሎና የሸዋ ጦር ተገናኝቶ ብዙ ደም ፈሰሰ፥ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ በአፋር በረሃ ተሰድደው ከኖሩ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው በፍቼ ታሰሩ፤ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደ ገና ተያዙ፥ ወደ ጋራ ሙለታም ተወሰዱ፤ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሞቱ።

እንግዲህ የሚያከራክረው ምኑ ነው? የሚያከራክረው የክሱ ራስ ነው። ከሳሾቹ የጠቀሱት ማስረጃ ብዙ ነው፤ የእስላም ልብስ ለብሰው ታይተዋል፥ ፎቶግራፍም ተነሥተዋል፤ በመስጊድ ጸልየዋል፤ ከእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች ባላባቶች ልጆች አግብተዋል፤ የትውልድ ሐረጋቸውን ከእስልምና ነቢይ ዘር የሚያደርስ ጽሑፍ አጽፈዋል፤ የጨረቃ ምልክት ያለበትን ሰንደቅ ዓላማ ሰጥተዋል የሚል ነበር። ለልጅ ኢያሱ የሚከራከሩት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ልብስ የሃይማኖት ምስክር አይሆንም፥ በቆላ አገር የሄደ ገዢ የአገሩን ልብስ መልበሱ ልማድ ነው፤ ፎቶግራፉም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ ጋብቻውም የአፋርንና የሶማሌን የወሎንም ባላባቶች ከመንግሥት ጋራ ለማስተሳሰር የተደረገ የመንግሥት ጥበብ ነው፤ በአዲስ አበባ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው ይባላል። ሃይማኖቴን ለውጫለሁ ብለው ራሳቸው ያወጁት ዐዋጅ የለም።

በዚህ ላይ የዓለም ጦርነት ይጨመርበታል። ዘመኑ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ከጀርመንና ከዑስማን ቱርክ መንግሥት ጋራ የሚዋጉበት ነበር። ኢትዮጵያን በሰሜን፥ በምሥራቅና በደቡብ የከበቡት ግዛቶች የእነዚህ የሦስቱ መንግሥታት ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ከቱርክ ቆንሲልና በሶማሌ አገር እንግሊዞችን ይወጋ ከነበረው ከሰይድ መሐመድ ዐብዲሌ ሐሰን ጋራ ተወዳጅተዋል መባሉ እነዚህን መንግሥታት እጅግ አሳስቦ ነበር። የመስቀሉ ጉባኤ ከመሆኑ ጥቂት አስቀድሞ የሦስቱ መንግሥታት ሚኒስትሮች በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተቃውሞ ማስታወሻ አቅርበዋል። ስለዚህ ክሱ ከቤተ ክህነት ብቻ የተነሣ ነው ማለት አይቻልም፤ ከውጭ የተጫነ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም።

ነገሩን በጥልቀት ለሚመረምር አንድ ቁም ነገር ይገለጥለታል። ሕዝቡና መኳንንቱ ለልጅ ኢያሱ በግዝት ታስረው ነበር። ይህ ግዝት በግዛት ክርክር፥ በሹመት ቅሬታ፥ ወጣቱ ገዢ ሥራ ፈት ሆኑ ወይም በዋና ከተማቸው አይቀመጡም በሚል ወቀሳ አይፈታም። ግዝትን ጳጳስ የሚፈታው ለሃይማኖት ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሳሾቹ ያላቸው ቅሬታ ምንም ቢሆን፥ ክሱ የሃይማኖት መልክ ካልያዘ በቀር መንግሥቱ ሊለወጥ አይችልም ነበር። ይህ ግን ክሱን ሐሰት አያደርገውም፤ እውነትም አያደርገውም። ሰሙ ሃይማኖት፥ ወርቁ መንግሥት ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በቅኔ ሰሙም እውነተኛ ትርጓሜ እንዳለው ሊቃውንት ያውቃሉና፥ ወርቁን አገኘሁ ብሎ ሰሙን መጣል ቅኔን አለማወቅ ነው።

የመዝገቡ አዘጋጅ እንግዲህ ምን ያድርግ? አንዳንዱ «ያልተረጋገጠ ነገር በመዝገብ አይግባ፤ ነገሩ በልጅ ኢያሱ ታሪክ ውስጥ በአንድ መሥመር ይበቃዋል» ይላል። ይህ አሳብ ክብር ያለው አሳብ ነው፤ የሰውን ስም ከመጉዳት መጠበቅ በፍትሐ ነገሥትም የታዘዘ ነውና። ሕጉ ዳኛ ተከሳሹን ሳይሰማ እንዳይፈርድ፥ ጠላት የሆነም ሰው በጠላቱ ላይ ምስክር እንዳይሆን ይከለክላል። በመስከረም 17 ቀን ግን ተከሳሹ በጉባኤው አልነበሩም፤ ከምስክሮቹም ብዙዎቹ ከእሳቸው መሻር የሚጠቀሙ ነበሩ።

ዳሩ ግን ይህ ክርክር ስለ ፍርድ ነው እንጂ ስለ መጻፍ አይደለም። ክሱ እውነት ነው ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ክስ ቀርቦ እንዲህ ያለ ነገር አደረገ ብሎ መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ምንም ክርክር የሌለበት እውነት ነው። ክሱ መቅረቡን ከሳሽም ተከሳሽም አይክዱትም።

ልዩነቱን ለማየት ከዚህ በፊት የነበሩትን ነገሥታት መመልከት ይረዳል። ዐፄ ሱስንዮስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1622 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ በ1632 ዓ.ም. ደግሞ የአባቶችን ሃይማኖት ዐዋጅ ነግረው መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚህ ሁሉ የንጉሡ የገዛ ቃላቸው ምስክር ነው፤ ሊከራከር የሚነሣ የለም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ዐፄ ዘድንግል ደግሞ ዐዋጅ አልነገሩም፤ ነገር ግን ለሮማ ፓፓና ለእስጳንያ ንጉሥ ደብዳቤ እንደ ጻፉ የኢየሱሳውያን መጻሕፍት ይናገራሉ። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከመሐላው ፈቱት፤ ንጉሡም በ1604 ዓ.ም. በጦርነት ተገደሉ። በልጅ ኢያሱ ላይ የተደረገው እንግዲህ አዲስ ሥርዐት አልነበረም፤ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ፈለግ ነበረው። ሦስቱን በየተራቸው ላኖራቸው ሰው በመጀመሪያው ዐዋጅ፥ በሁለተኛው ደብዳቤ፥ በሦስተኛው የሌሎች ሰዎች ቃል ብቻ ይገኛል። የማስረጃው ደረጃ እንዲህ እየወረደ ሲሄድ የጸሐፊው ቃልም አብሮ መለዘብ ይገባዋል፤ ነገር ግን ደረጃው ስለ ወረደ ነገሩ አልነበረም አይባልም።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ይበቃል። በፈረንሳይ አገር አልፍሬድ ድሬፊስ የተባለ የመድፈኛ ሻምበል በ1894 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር ለጀርመን ምስጢር ሰጠ ተብሎ ተፈረደበት፥ ወደ ሩቅ ደሴትም ተጋዘ። በ1895 ዓ.ም. መዝገበ ዕውቀት የሚጽፍ ሰው ቢኖር የጦር ፍርድ ቤት ፍርድ በእጁ ነበረና ከሐዲ ብሎ በጻፈው ነበር። በ1898 ዓ.ም. ግን ለማስረጃ ከቀረቡት ወረቀቶች አንዱን አንድ የጦር መኰንን በእጁ የሠራው መሆኑ ተገለጠ፤ በ1906 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ዛሬ ነገሩ በየመዝገበ ዕውቀቱ ሁሉ ሰፊ አንቀጽ አለው፤ አንቀጹ ግን የሚናገረው ስለ ሻምበሉ ክሕደት ሳይሆን ስለ ክሱ፥ ክሱ ስለ ከፈለው ሕዝብና ስለ ፍርዱ መጓደል ነው። ያልተረጋገጠ ክስ አይጻፍ የሚለው ደንብ በፈረንሳይ ቢሠራበት ኖሮ ትውልድ ይህን ሁሉ ትምህርት ባጣ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለመዝገቡ አዘጋጅ ሦስት መመዘኛ ይበቃዋል። የመጀመሪያው፦ ነገሩ ከሐሜት አልፎ ሥራ ሠርቷልን? ሁለተኛው፦ ስለ ነገሩ የሚናገሩ ምስክሮች ከአንድ ወገን ብቻ ናቸውን፥ ወይስ ከየወገኑ አሉ? ሦስተኛው፦ ነገሩ ከአንድ ሰው ታሪክ የሚሰፋ ነውን?

በመጀመሪያው መመዘኛ የልጅ ኢያሱ ክስ ያለ ጥርጥር ያልፋል። መንግሥት ለውጧል፥ ጦር አስነሥቷል፥ ለዐሥራ አራት ዓመት የነገሡ ንግሥትን አንግሧል፥ ከዚያም በኋላ እስከ 1967 ዓ.ም. የገዙትን ንጉሠ ነገሥት ወደ አልጋው አቅርቧል። በሁለተኛውም ያልፋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ነገሩን ጽፈውታል፤ ይህም በክሱ የተጠቀመው ወገን ቃል ነው። በነገሩ ውስጥ እጃቸው የነበረ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በ«የሕይወቴ ታሪክ» ጽፈዋል። በዘመኑ የነበሩት ሊቅ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው፥ ጽሑፋቸው ከሞቱ በኋላ ታትሟል። የልጅ ኢያሱንና የንግሥት ዘውዲቱን ዜና መዋዕል አለቃ ገብረ እግዚአብሔር ኤልያስ ጽፈውት በ1994 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር ከእንግሊዝኛ ትርጓሜ ጋራ ታትሟል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኤሎአ ፊኬና ቮልበርት ስሚት ያዘጋጁት፥ የብዙ ሊቃውንት ጥናት የተሰበሰበበት መጽሐፍ ስለ ልጅ ኢያሱ ሕይወትና ዘመን ወጥቷል። የሦስቱ መንግሥታት ሚኒስትሮችም ለየመንግሥታቸው የላኩት ወረቀት አለ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢሆን አንዱ ወገን በሌላው ላይ የሚናገረው ነው ይባል ነበር፤ ብዙና ልዩ ልዩ ሲሆኑ ግን አንዱን በአንዱ ማመዛዘን ይቻላል።

በሦስተኛውም ያልፋል። ነገሩ የአንድ ወጣት ገዢ ታሪክ ብቻ አይደለምና። በውስጡ የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ግንኙነት አለ፤ የግዝት ሥልጣን አለ፤ የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች በኢትዮጵያ መንግሥት ያላቸው ቦታ ጥያቄ አለ፤ የውጭ መንግሥታት እጅ አለ። ይህን ሁሉ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ማጨቅ የሕይወት ታሪኩንም ነገሩንም ያበላሻል።

መመዘኛው ሁሉን የሚያሳልፍ እንዳይመስል የማያልፍ ምሳሌም መስጠት ይገባል። ልጅ ኢያሱ በ1928 ዓ.ም. በደዌ ሞቱ ወይስ ተገደሉ የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ መቃብራቸውም የት እንደ ሆነ ያከራክራል። ይህ ነገር ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የኢጣሊያ ጦር ወደ አገር ገብቶ ነበርና ሞታቸው የመንግሥትን ነገር ወዲህም ወዲያም አላደረገውም፤ ምስክሩም ከወሬ እምብዛም አያልፍም፤ ነገሩም ከእሳቸው ታሪክ አይሰፋም። ስለዚህ ለዚህ የሚበቃው በሕይወት ታሪካቸው መጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት መሥመር ነው።

አንቀጽ ይገባዋል ከተባለ በኋላ የሚቀረው እንዴት ይጻፍ የሚለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው አርእስቱ ነው። «የልጅ ኢያሱ መስለም» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው አንዲት ቃል ሳያነብ ፍርዱ ተፈርዷል። «በልጅ ኢያሱ ላይ የተደረገ ሤራ» ተብሎ ቢጻፍም በሌላው ወገን እንዲሁ ተፈርዷል። «በ1909 ዓ.ም. የሆነው የመንግሥት ለውጥና በልጅ ኢያሱ የቀረበው ክስ» ቢባል ግን ሁለቱም ወገን የሚስማሙበትን እውነት ብቻ ይናገራል። ብዙ ሰው ከመዝገብ አርእስቱን ብቻ አንብቦ ያልፋልና በአርእስት የተሠራ በደል በውስጡ በተጻፈ ማስተካከያ አይካስም።

ውስጡን ለመጻፍ ደግሞ የአገራችን ሊቃውንት ከውጭ የሚበደሩት ጥበብ የለም፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ሥርዐት አለላቸው። መምህሩ ከአንድ ኃይለ ቃል ሲደርስ የቀደሙት መምህራን በምሥጢሩ ያልተስማሙበት እንደ ሆነ አንዱን ቀብሮ ሌላውን አያነሣም፤ አንድም ብሎ የዚህን፥ አንድም ብሎ የዚያን ያወጣል፤ የእያንዳንዱንም ምክንያት ያስከትላል። ሚዛን የሚደፋውን ይናገራል፤ ያልደፋውንም አይሸሽግም። ተማሪውም ከዚህ የሚማረው መጠራጠርን ሳይሆን መመዘንን ነው። የልጅ ኢያሱም ነገር እንዲሁ ቢጻፍ፥ አንድም ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፥ ምክንያቱም እንዲህና እንዲህ፤ አንድም አልለወጡም፥ የመንግሥት ጥበብ ነበር፥ ምክንያቱም እንዲህና እንዲህ፤ አንድም ልባቸው በሁለት አሳብ መካከል ነበር ቢባል፥ የሚጐዳ የለም። ዳሩ ግን ይህ ሥርዐት አንድ ግዴታ አለበት፤ ምክንያት የሌለው አንድምታ አይጨመርም። ቁጥር ለማብዛት የገባ አንድምታ ትርጓሜ ሳይሆን ጫጫታ ነው።

አንዳንዱ ካህን በዚህ ይሠጋ ይሆናል። ግዝቱን የፈታች ቤተ ክርስቲያን ናትና ክሱ ያከራክራል ብሎ መጻፍ የአባቶችን ፍርድ መንቀፍ ይመስለዋል። አቡነ ማቴዎስና እጨጌው ግን የፈረዱት በዚያን ቀን በፊታቸው በቀረበው ማስረጃ፥ በዚያን ቀን በነበረው ፍርሀትና ጭንቀት መካከል ነው። ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ፥ የጦር ሠራዊት በየበሩ ቆሞ፥ የውጭ መንግሥታት እያስጨነቁ የተሰጠ ፍርድ ነበር። አባቶች ያመነቱ እንደ ሆነ ማመንታታቸው የሚያሳፍር አይደለም፥ የሚያስመሰግን ነው እንጂ፤ በችኰላ ዘመን ለማስረጃ የጠየቀ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ዳኛ ነውና። ቤተ ክርስቲያንን የሚያስከብራት በታሪኳ ምንም ክርክር አልነበረም መባሉ አይደለም፤ ክርክሩን ልጆቿ ራሳቸው በእውነት ጽፈው መገኘታቸው ነው። እነርሱ ያልጻፉት እንደ ሆነ ሌላው ይጽፈዋል፤ ሌላውም ሲጽፈው ለአባቶች ጭንቀት ርኅራኄ አያደርግም።

ሌላም ቁም ነገር አለ። ይህ ክስ ሲጻፍ የሚነካው ሟቹን ልጅ ኢያሱን ብቻ አይደለም። የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ የሆነው የአገር ልጅ ያነበዋል፤ ከሙስሊም ጋራ መዛመድና መወዳጀት በራሱ እንደ ወንጀል ተቈጥሮ ያገኘው እንደ ሆነ በገዛ አገሩ መዝገብ እንግዳ ይሆናል። በክሱ የቀረበው ነገር የክርስቲያን አገር ገዢ ሃይማኖቱን ትቷል የሚል መሆኑን፥ የጎረቤቱን ሃይማኖት መውደድ ግን ከዚያ የተለየ መሆኑን ጸሐፊው ለይቶ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። የሰገሌ ሙታን ከሁለቱም ወገን ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የሁለቱም ልጆች ዛሬ መጽሐፉን ይገልጡታል።

ስለዚህ ለተከራከሩበት ነገር በመዝገበ ዕውቀት ቦታ መስጠት ለሐሜት ቤት መሥራት አይደለም። ነገሩ መንግሥትን ያነዋወጠ፥ ምስክሩ ከየወገኑ የሆነ፥ ከአንድ ሰው ሕይወት የሰፋ እንደ ሆነ ቦታ ይገባዋል፤ ይህን ያላሟላ እንደ ሆነ አይገባውም። ቦታ ሲሰጠውም ክሱ ክስ ተብሎ፥ ፍርዱ ፍርድ ተብሎ፥ የቀረው ጥርጣሬም ጥርጣሬ ተብሎ በየስሙ ይጠራ። እንዲህ የተጻፈ መዝገብ ለሟቹ የተነፈገውን ችሎት ይመልስለታል፤ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ቃላቸው ሳይሰማ የቀረ ተከሳሽ ከመቶ ዓመት በኋላ በአንባቢው ፊት ይቆማሉ፥ ከሳሾቻቸውም ከነምክንያታቸው አብረው ይቆማሉ። ፍርዱን ግን የሕሊናን ሁሉ ምሥጢር የሚያውቅ አንድ ዳኛ ብቻ ይሰጠዋል።